ስለ ስኖውደን ምሕረት፦ ለወንድሜ ለዳዊት

ይድረስ ለወንድሜ ለዳዊት፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እማማስ ደህና ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኔ ልዑል እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ። ይህን ያህል ተጠፋፍተን መቆየታችን ከልቤ ያሳዝነኛል። ስንደዋወል ቁም ነገር ሊነሳ ሲል «ይሄ የስልክ ወሬ አይደለም፣ ስንገናኝ» እያልን እናልፈው ነበር። እንዲህ እያልን የሚወራው አለቀና ዝም ተባባልን። ስለዚህ ዛሬ በደብዳቤ መጣሁብህ።

ሳንጨርሰው የቀረ ክርክር አለን። የአሜሪካን ምስጢራዊ የስልክ ስለላ ለጋዜጠኞች አጋልጦ ሞስኮ የቀረው ኤድዋርድ ስኖውደን ምሕረት ይገባዋል ስልህ፣ አንተ የሕግ ሰው ነህና «መጀመሪያ ይምጣና ይዳኝ» ብለኸኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ። እዚህ አሜሪካ በሥራ ምክንያት በባልቲሞር–ዋሽንግተን አውራ ጎዳና ስመላለስ፣ የስልክና የኢንተርኔት ጠለፋ የሚያካሂደው የስለላ ድርጅት ኤንኤስኤ ባለበት በፎርት ሚድ አጠገብ «ለኤንኤስኤ ሠራተኞች ብቻ» የሚል ምልክት የተተከለበት መውጫ አለ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ክርክራችን ትዝ ይለኛል።

ነገሩን ከሥሩ ላንሳው፤ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ። በማርች 2013 የአሜሪካ የስለላ ድርጅቶች የበላይ የነበሩት ጄምስ ክላፐር ሴኔት ፊት ቀርበው ነበር። ሴናተር ሮን ዋይደን፣ ኤንኤስኤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አሜሪካውያንን መረጃ ይሰበስባል ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው «አይ» አሉ። በጁን ስኖውደን ለጋዜጠኞች የሰጠው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ታተመ፤ ቬራይዘን የተባለው የስልክ ኩባንያ የደንበኞቹን የጥሪ መዝገብ በየቀኑ ለኤንኤስኤ እንዲያስረክብ የሚያዝ ነው። ማን ለማን ደወለ፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን ያህል ደቂቃ። የተጠረጠረውም ያልተጠረጠረውም፣ ሁሉም።

በ2015 ኒውዮርክ ያለው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሕጉ ይህን አይፈቅድም ሲል ፈረደ፤ ወር ሳይሞላም ኮንግረሱ የጅምላ ስብሰባውን የሚያስቀር ሕግ አወጣ። በ2020 ሌላ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ለአልሸባብ ገንዘብ ልከዋል ተብለው በተፈረደባቸው የሳንዲያጎ ሶማሌዎች ጉዳይ ላይ ፕሮግራሙ ሕገወጥ ነበር አለ። የሰዎቹን ፍርድ ግን አልሻረም። መንግሥት የፕሮግራሙን ጥቅም ለማሳየት ሲጠቅሰው የነበረው ይህንኑ ጉዳይ ነው።

እና ማን ተከሰሰ? ክላፐር አልተከሰሱም። ፕሮግራሙን ያዘዘም ያስፈጸመም አልተከሰሰም። ስኖውደን ግን በዚያው በጁን ወር ሦስት ክስ ተመሠረተበት፤ ሁለቱ በ1917ቱ የስለላ ሕግ ናቸው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

«ይምጣና ይዳኝ» የሚለው ቃልህ ፍትሐዊ ይመስላል፤ እኔም መጀመሪያ ተቀብዬው ነበር። ግን በዚህ ሕግ የተከሰሰ ሰው «ያጋለጥኩት ሕገወጥ ሥራ ነው፣ ሕዝቡ ማወቅ ነበረበት» ቢል መከላከያ አይሆንለትም። ጥያቄው ምስጢሩን ሰጥቷል ወይስ አልሰጠም ብቻ ነው። መስጠቱን ደግሞ ራሱ ተናግሯል። ታዲያ ምኑ ነው የሚዳኘው? ለምን በአለቆቹ በኩል አላመለከተም የምትል ከሆነ፣ ከሱ በፊት የነበረውን ቶማስ ድሬክን ተመልከት። የኤንኤስኤ ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር፤ በሥርዓቱ አመለከተ። ቤቱ ተበረበረ፣ በዚያው በስለላ ሕግ ተከሰሰ። በመጨረሻ ክሱ ፈርሶ በቀላል ጥፋት ሲያልቅ፣ ኑሮውን በአፕል መደብር ሠራተኝነት ይገፋ ነበር።

ያልተፈረደበት ሰው ምሕረት አያገኝም እንዳትለኝ። ፕሬዚዳንት ፎርድ በ1974 ኒክሰንን ይቅር ያሏቸው ክስ እንኳን ሳይመሠረትባቸው ነው። ካርተርም በ1977 ሥልጣን በያዙ ማግሥት ከቬትናም ዘመቻ ምልመላ ለሸሹት ምሕረት ሰጥተዋል።

አንዱ ክርክርህ ግን ከባድ ነው። ከወጡት ሰነዶች ብዙዎቹ አሜሪካ በውጭ አገር የምታካሂደውን ስለላ እንጂ የዜጎቿን ስልክ አይመለከቱም ብለሃል። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከነዚያ መካከል የኛም ጉዳይ እንዳለበት አስብ። በ2017 ዘ ኢንተርሴፕት የተባለው የዜና ድረ ገጽ ባተማቸው የስኖውደን ሰነዶች መሠረት፣ ኤንኤስኤ በ2002 አዲስ አበባ ላይ «የአንበሳ ኩራት» የሚል ስም የሰጠው የጠለፋ ማዕከል አቋቁሟል። መሣሪያውና ሥልጠናው ከነሱ፣ ቦታውና ቋንቋ አዋቂው ከኛ። በ12 ኢትዮጵያውያን ተጀምሮ በ2005 ወደ 103 ደርሷል። ዓላማው ሽብርን መዋጋት ነው ተባለ። ሰልጥኖ የተቀመጠ ጆሮ ነገ ማንን እንደሚያዳምጥ ግን ማን ይቆጣጠረዋል? 2005 ምርጫ 97 መሆኑን ላንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ አብረን ነው ያየነው። በስኖውደን እጅ ባይወጣ ኖሮ እኔና አንተ ይህን ከየት እንሰማው ነበር?

ፍርድ ቤት ይበቃ ነበር ካልክ ደግሞ፣ እኔ በምኖርበት በሲልቨር ስፕሪንግ የሆነውን ስማ። አንድ ወገናችን ኮምፒውተሩ ፊንስፓይ በሚባል የስለላ ሶፍትዌር ተጠልፎ በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት እዚህ አገር ከሰሰ። ቤተሰቦቹን ፈርቶ በእውነተኛ ስሙ እንኳ አልነበረም የከሰሰው። በ2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የውጭ መንግሥት በዚህ ጉዳይ እዚህ አይከሰስም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ስለተጠለፈበት ሁኔታ አንድም ቀን ሳይመሰከር!

ምሕረት ስል ለሁሉም ማለቴ አይደለም። ምስጢር በገንዘብ የሸጠ፣ ለባዕድ መንግሥት ያደረ ይጠየቅ። ስኖውደን ግን ለጋዜጠኞች ነው የሰጠው፤ የሚታተመውንና የማይታተመውን እነሱ እንዲመርጡ። ሞስኮ መቀመጡ እኔንም ያመኛል፣ የሩሲያን ዜግነት መቀበሉም እንዲሁ። ግን ፓስፖርቱን የሰረዘችበት አሜሪካ ናት። ከአንድ ወር በላይ ሸረሜትየቮ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ታግዶ ነው የከረመው። ወደ አገሩ እንዲገባ ከተፈለገ መንገዱ ምሕረት ነው፣ ሌላ አይታየኝም።

አሁን የምጠይቅህ እንደ ጠበቃ ነው። እኛ አገር የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 (ይህ ዓመት በኛ አቆጣጠር ነው) አለ አይደል? ነገ አንድ የቴሌ ወይም የደኅንነት ሠራተኛ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የሰው ስልክ ሲጠለፍ አይቶ ለጋዜጠኛ ቢናገር፣ በዚያ አዋጅ ጥበቃ ያገኛል? ወይስ ምስጢር በማውጣት ይከሰሳል? አንቀጽ እየጠቀስክ በደንብ ጻፍልኝ። በስልክ ሳይሆን በደብዳቤ።

ወንድምህ፣
ኃይሉ