ቤተ ክርስቲያን የቀየረ ሁሉ ከሃዲ አይደለም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ዋሽንግተንና አካባቢው ያለን ኦርቶዶክሳውያን ቡና ላይ እናነሳዋለን፣ በአደባባይ ግን ዝም የምንለው ነገር አለ። ቤተሰብ ይዞ ከአንድ አጥቢያ ወደ ሌላ መሄድ። እኔና ባለቤቴ ብዙ ተመካክረን ለመሄድ ወስነናል። ምክንያታችንን በስልክ ከሚወራው ይልቅ እዚህ ብናገረው ይሻላል።

ልጆቼ ሁሉ ክርስትና የተነሱት በዚያው ቤተ ክርስቲያን ነው። ወንዱ በ40፣ ሴቶቹ በ80 ቀናቸው። ቀላል አይደለም። የቦርድ ጠብ አለ፣ አዎ። ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ ይነገር የነበረበት ሰዓት የመወነጃጀያ ሰዓት ሆኗል፤ ነገሩ ጠበቃ እስከ መቅጠር ደርሷል። ግን ለጠብ ብቻ ብዬ አልሄድም ነበር። ሰው ባለበት ሁሉ ጠብ አለ፤ ነገ የምንሄድበትም ቦርድ አለው።

የወሰነልኝ የልጆቼ ቁርባን ነው። እዚህ ሀገር ያላችሁ ወላጆች ታውቁታላችሁ። ልጆቻችን ሕፃን ሳሉ ታቅፈናቸው ይቆርባሉ። 12፣ 13 ዓመት ሲሞላቸው ወደ ኋላ ይቀራሉ። ንስሐ መግባት አለባቸው፣ ግን ለማን? አባታችን ደግ ሰው ናቸው፣ እንግሊዝኛ ግን አይችሉም። ልጄ ደግሞ የልቧን በአማርኛ መናገር አትችልም። እኔ መሀል ገብቼ ኃጢአቷን ላስተረጉምላት ነው? ስለዚህ ትቆማለች፣ ትሰግዳለች፣ ሌሎች ሲቆርቡ ታያለች፣ ወደ ቤት እንመለሳለን። የሕፃናት ክፍል ያስተምሩ የነበሩት ወጣቶችም ጠቡ ሲጀመር አንድ በአንድ ቀሩ፤ ማንም አልተካቸውም። ይህ ለእኔ ከማንኛውም የቦርድ ምርጫ በላይ ያስጨንቃል።

አዲሱ አጥቢያ ቅዳሴውን በስክሪን በግእዝ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያሳያል። እሱ ጥሩ ነው፣ ግን ዋናው እሱ አይደለም። እዚህ ያደጉ ቄስ አሉ። ልጄ ከእሳቸው ጋር ቁጭ ብላ ስታወራ አይቻለሁ። እንደዚያ ለቄስ ስታወራ አይቼ አላውቅም።

በመኪና ማቆሚያ፣ በዘማሪ ወይም በትውልድ ቀዬ የሚቀይሩ አሉ። በተለይ የመጨረሻው ያመኛል። መቅደስ በመንደር መከፋፈል የለበትም።

ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲቀይር የምንደነግጠው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ሲኖዶሱ በሀገር ቤትና በስደት ለሁለት ተከፍሎ እኛም "የሀገር ቤት"፣ "ስደተኛ"፣ "ገለልተኛ" ስንባባል ኖረናል። ያኔ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ ወገን መቀየር ነበር። በሐምሌ 2010 ግን እዚሁ ዋሽንግተን ላይ እርቅ ወረደ። በስደት የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ወደ ሀገራቸው ገቡ፤ እሳቸው በጸሎት፣ የሀገር ቤቱ ፓትርያርክ አቡነ ማትያስ በአስተዳደር እንዲመሩ ተስማሙ። አባቶች ከታረቁ ስንት ዓመት ሆነ! እኛ ግን ዛሬም "ወደ እነ እገሌ ሄዱ" እንባባላለን። አንድ ቤተሰብ ሲሄድ ሰላምታ የሚነፍጉ አሉ። የልጁን የክርስትና ምስክር ወረቀት ለመስጠት የሚያንገራግር ጽሕፈት ቤትም አጋጥሞናል፤ ስሙን አልጠራም።

እኛ እንዲህ አደረግን። ከማንም በፊት ለንስሐ አባታችን ነገርናቸው። ዝም ብለው ሰሙን፤ ከዚያ "ልጆቹ የሚሰሙትን አባት ካገኛችሁ ሂዱ፣ እኔንም አትርሱኝ" አሉን። አለቀስኩ። የእኔና የባለቤቴ ንስሐ አባት እሳቸው እንደሆኑ ይቀጥላሉ። ለሕንፃው ዕዳ ቃል የገባነውንም ገንዘብ እስከ መጨረሻው እንከፍላለን። በዓመታዊው የንግሥ በዓልም እንመጣለን።

የሰበካ ጉባኤ አባላትን የምለምነው ነገር አለ። ቤተሰብ ሲለቅ ስሙን ከመዝገብ ከመሰረዛችሁ በፊት ደውሉና ለምን እንደሄደ ጠይቁት። እኛን እስካሁን የጠየቀን የለም።

ልጃቸው ከቁርባን ርቆ የተመለሰላቸው ወላጆች ካላችሁ ደግሞ እንዴት እንዳደረጋችሁ በዚሁ ጋዜጣ ጻፉልን። አጥቢያ ሳትቀይሩ የተሳካላችሁ ካላችሁ፣ የእናንተን ከሁሉ በፊት ማንበብ እፈልጋለሁ።

የልጆች እናት፣ ከቨርጂኒያ