ኮምፒውተሮቻችንን ስለቀየርን፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ጅማ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ደንበኞቻችን፣

አካም ጅርቱ? ጤና ይስጥልን።

ሰሞኑን ወደ ሕትመት ቤታችን የመጣችሁ ሥራ ትንሽ እንደዘገየ ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። ድሮ ቁጭ ብላችሁ ቡናችሁን ሳትጨርሱ የምትወስዱት እርማት አሁን «ከሰዓት በኋላ ተመለሱ» ይባልበታል። አንዳንዶቻችሁ «ሠራተኛ ቀየራችሁ እንዴ?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ሠራተኞቻችን እነዚያው ናቸው። የተቀየሩት ኮምፒውተሮቹና የምንሠራባቸው ፕሮግራሞች ናቸው። ምን እንደተቀየረ፣ ለምን እንደተቀየረና እናንተን የሚነካው የቱ ጋ እንደሆነ በግልጽ ልንነግራችሁ ይገባል። የሚሠራው የእናንተ ካርድ፣ የእናንተ ባነር ነውና።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። በዚያ ቀን ኮምፒውተሩ ሁሉ ቆመ ማለት አይደለም። ዊንዶውስ 10 ዛሬም ይበራል፣ ይሠራል። የሚቀረው አዲስ ክፍተት በተገኘ ቁጥር ይላክ የነበረው የደኅንነት አፕዴት ነው። ይህንንም ለአንድ ዓመት የሚያራዝም አማራጭ አለ። ቤቱ ቁጭ ብሎ ፊልም ለሚያይበት ሰው ነገሩ ብዙም ላያስቸኩል ይችላል። የእኛ ሥራ ግን ይለያል። በቀን ስንትና ስንት ፍላሽ ይሰካብናል። ከትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት ይመጣል። ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመጣል። ከሙሽሮች የግል ፎቶ ይመጣል። አንዱ ፍላሽ ይዞት የመጣ ቫይረስ በእኛ ማሽን በኩል ወደ ሌላ ደንበኛ ቢሻገር ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ዓመቱን ለመጠበቅ አልፈለግንም።

ዊንዶውስ 11 ደግሞ ያገኘውን ማሽን ሁሉ አይቀበልም። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። ፕሮሰሰሩም ሻል ያለ መሆን አለበት። ከማሽኖቻችን ይህን የሚያሟሉት ጥቂት ስለነበሩ ሌሎቹን በአዲስ ተካናቸው። ማሽኑ ሲቀየር የዲዛይን ፕሮግራሞቹም አብረው ወደ አዲስ ቨርዥን ተሻገሩ። ሁለት ለውጥ በአንድ ወር መጣ ማለት ነው። መዘግየቱም የመጣው ከዚህ ነው።

የዊንዶውሱ ለውጥ ቶሎ ይለመዳል። ስታርት የሚለው ምልክት ከግራ ጥግ ወደ መሃል መጥቷል። በሴቲንግ መመለስ ስለሚቻል በሁሉም ማሽኖች ላይ ወደ ግራ መልሰነዋል። ፋይል ላይ ራይት ክሊክ ሲደረግ የሚወጣው ዝርዝር አጥሯል፤ ኮፒና ፔስት ትንንሽ ምልክት ሆነው አንድ ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። የቀረውን ለማግኘት «ተጨማሪ አማራጮች» የሚለውን አንዴ መጫን ያስፈልጋል። ሺፍትንና ኤፍ 10ን አብሮ መጫንም ወደ ድሮው ዝርዝር ይወስዳል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አናጠፋም።

አንድ ነገር ግን እናስታውስ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8ን ሲያወጣ ስታርትን ከነአካቴው አንስቶት ነበር። ተጠቃሚው አልተቀበለውም። በዓመቱ ምልክቱ ተመለሰ፤ በ2015 ዊንዶውስ 10 ሲመጣ ሜኑውም ራሱ ተመለሰ። ስለዚህ አዲስ ስክሪን ፊት ተቀምጣችሁ ግራ ሲገባችሁ ጥፋቱ የእናንተ ነው ብላችሁ አታስቡ። አንዳንዴ ሠሪዎቹም ወደኋላ ይመለሳሉ። ይመልሱታል ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ግን ለሕትመት ቤት አያዋጣም።

ዋናው ጉዳይ ፎቶ የምናስተካክልበት ፕሮግራም፣ ፎቶሾፕ ነው።

የዲዛይነሮቻችን እጅ የለመደው ሲኤስ 6 የሚባለውን ቨርዥን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ነው፤ አንዴ ተገዝቶ ከሚቀመጡት የመጨረሻው እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው በየወሩ ወይም በየዓመቱ በሚከፈል ክፍያ የሚሠራ ነው። በሲኤስ 6 ፎቶ ለማሳደግ ጥጉን ይዞ ሲጎተት ሺፍትን መጫን ግድ ነው። ሺፍት ከተያዘ ቁመቱና ወርዱ አብረው ያድጋሉ። ካልተያዘ ፎቶው ይለጠጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ በወጣው ቨርዥን ይህ ተገለበጠ። አሁን ፎቶው ቅርጹን የሚጠብቀው ሺፍት ሳይነካ ነው። ሺፍት ከተያዘ ይለጠጣል።

ለዓመታት ግራ እጁን ኪቦርዱ ላይ አሳርፎ የሠራ ዲዛይነር ትንሿ ጣቱ ሳያስባት ወደ ሺፍት ትሄዳለች። አእምሮው አዲሱን ያውቃል፤ ጣቱ ግን ድሮ ላይ ናት። ፎቶው በጣም ቢለጠጥ ኖሮ ወዲያው ይታያል። ችግሩ በጥቂቱ ሲለጠጥ ነው። በወርቃማ ሐረግ በተከበበ የሠርግ ካርድ ላይ የሙሽራዋ ፊት በትንሹ ሰፋ ቢል ስክሪን ላይ ላያስታውቅ ይችላል። የሙሽራዋ እናት ግን ካርዱን እንዳየች ትለየዋለች።

ይባስ ብሎ ኢለስትሬተርና ኢንዲዛይን የሚባሉት ሌሎቹ የዲዛይን ፕሮግራሞች የሚሠሩት በድሮው ሕግ ነው። እዚያ ቅርጽ ለመጠበቅ ሺፍት ዛሬም ያስፈልጋል። ሦስቱንም የሚሠራው አዶቢ የሚባል አንድ ኩባንያ ነው። አንድ ዲዛይነር ጠዋት የቡና ማሸጊያ ሌብል በኢለስትሬተር ሠርቶ፣ ፎቶውን ለማስተካከል ወደ ፎቶሾፕ ሲሻገር እጁ ሕግ መቀየር አለበት። በሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ አስቡት። ጅማ መርካቶ ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ ዕቃ የሚያወጣ ባለሱቅ መደርደሪያውን ሌሊት ሌላ ሰው ቢያገላብጥበት ለተወሰኑ ሳምንታት መዘግየቱ አይቀርም። የእኛም ነገር እንደዚያ ነው።

ሌላው ኮንትሮል ዜድ ነው። ይህን ከአጠገባችን ተቀምጣችሁ ሥራ የምታሠሩ ታውቁታላችሁ። በድሮው ፎቶሾፕ ኮንትሮል ዜድን አንዴ ስትጫኑ የመጨረሻው ለውጥ ይጠፋል፤ ደግማችሁ ስትጫኑ ይመለሳል። «ይሄ ይሻላል ወይስ ያኛው?» እያልን ሁለቱን ቀለም የምናሳያችሁ በዚህ ነበር። አሁን ሁለተኛው ጭነት አንድ እርምጃ ይበልጥ ወደኋላ ይወስዳል። ሦስተኛው ሌላ እርምጃ። እውነቱን ለመናገር አዲሱ አሠራር ይሻላል ብለን እናምናለን፤ በሌሎቹ ፕሮግራሞች ያለውም ይኸው ነው። ለማነጻጸር ግን አሁን ሁለቱን አማራጮች ለየብቻ ሠርተን ጎን ለጎን እናሳያችኋለን። ትንሽ ጊዜ ይወስዳል፤ ለእናንተ ግን መምረጡ ይቀላል።

ፎቶሾፕ ሴቲንጉ ውስጥ ሁለቱንም ወደ ድሮው መመለሻ ምርጫ አስቀምጧል። ታዲያ ለምን አልመለሳችሁም የሚል ጥያቄ ይነሳል። ተነጋግረንበታል። ወጣቶቹ ሠራተኞቻችን ሥራውን የተማሩት በአዲሱ ነው። ነባሮቹ በድሮው። አንዱን ማሽን በድሮው፣ ሌላውን በአዲሱ ብንተወው ሰው ወንበር በቀየረ ቁጥር ስህተት ይፈጠራል። ከማንኛውም ነገር የሚከፋው ይሄ ነው። ስለዚህ ሁሉም ማሽን አንድ ዓይነት፣ ሁሉም በአዲሱ እንዲሆን ወስነናል። ነባሮቹ ዲዛይነሮቻችን ይህን መቀበላቸው ቀላል አልነበረም፤ እናመሰግናቸዋለን።

አዳዲሶቹ ቨርዥኖች ውስጥ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ፎቶ የሚሞላና የሚቀይር መሣሪያም አለ። የሚሠራው በኢንተርኔት ነው፤ ፎቶው ወደ ኩባንያው ሰርቨር ይሄዳል። ኔትዎርክ በሌለበት ሰዓት አይሠራም፤ ስለዚህ የቀጠሮ ሥራ በእሱ ላይ ተማምነን አንቀበልም። ከዚያ በላይ ግን የቤተሰባችሁን ፎቶ ሳንጠይቃችሁ ወደ ውጭ አንልክም። ከፈለጋችሁት ንገሩን፤ ካልነገራችሁን አንጠቀምበትም።

አሁን ወደ ፊደል እንምጣ። ከሁሉም በላይ እናንተን የሚነካው ይህ ነው።

ብዙዎቻችሁ የዛሬ አሥር ዓመት የተሠራ ፋይል ይዛችሁ ትመጣላችሁ። የዕድር ደንብ፣ የማኅበር ደረሰኝ፣ የትምህርት ቤት ሰርተፍኬት። ድሮ አማርኛ ይጻፍባቸው የነበሩት ብዙዎቹ ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ያስቀመጡ ነበሩ። ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ላይ ፋይሉ ሲከፈት ጽሑፉ የተመሰቃቀለ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይመጣል። ፋይሉ አልተበላሸም። ፎንቱን ስንጭንለት ይመለሳል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ የራሱን ቦታ አግኝቷል፤ በዩኒኮድ የተጻፈ ጽሑፍ የትም ቢሄድ አማርኛነቱን አያጣም። ደጋግማችሁ የምታሳትሙት ሰነድ ካለ አንዴ ወደ ዩኒኮድ እንቀይርላችሁ። ፊደል በፊደል ማንበብ ስለሚጠይቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሥራ በማይበዛበት ወር አምጡት።

በዩኒኮድ የተጻፈውም ቢሆን ሌላ ጣጣ አለው። ኒያላ የሚባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ ነበር፤ ብዙ የቢሮ ደብዳቤ የተጻፈው በእሱ ነው። በዊንዶውስ 10ና 11 ግን እንደ ተጨማሪ የሚጫን ነገር ሆኗል። ካልተጫነ ጽሑፉ ኤብሪማ በሚባለው ወይም በሌላ ፎንት ይተካል። ቃሉ ያው ነው፤ የፊደሉ ስፋት ግን ይለያያል። አንድ መስመር ላይ የነበረ ስም ይሰበርና ወደሚቀጥለው ይወርዳል። ሠንጠረዥ ይገፋል። በአንድ ገጽ ያለቀ ደብዳቤ ፊርማው ብቻውን ሁለተኛ ገጽ ላይ ይቀራል። እኛ ኒያላን በሁሉም ማሽኖች ላይ ጭነናል። እናንተ ግን ፋይሉን ስትልኩ ፒዲኤፉንም አያይዙት። ሲከፈት ምን መምሰል እንዳለበት የምናውቀው ከእሱ ነው።

የአፋን ኦሮሞ ጽሑፍም አለ። እዚህ ከተማ ታፔላም ሆነ የጥሪ ካርድ በሁለትና በሦስት ቋንቋ ነው የሚሠራው። ቁቤ የሚባለው የአፋን ኦሮሞ አጻጻፍ በላቲን ፊደል ስለሆነ ፕሮግራሞቹ እንግሊዝኛ መስሏቸው ቃሉን «ሊያርሙ» ይሞክራሉ። አንድ ፊደል መድገምና አለመድገም ትርጉም በሚለውጥበት ቋንቋ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አውቶማቲክ እርማቱን በሁሉም ማሽኖች ላይ ዘግተነዋል። እናንተ ስልክ ላይ ጽፋችሁ የምትልኩትን ግን ስልኩ ቀይሮት ሊሆን ይችላልና ከመላካችሁ በፊት አንዴ እዩት።

ስለ ፋይል ልውውጥ ጥቂት እንበል። የራሳችሁ ዲዛይነር ያላችሁ መሥሪያ ቤቶች እኛ በአዲሱ ቨርዥን ያስቀመጥነውን ፋይል በድሮው መክፈት ላይችሉ ይችላሉ። ኢንዲዛይን ከሆነ አይዲኤምኤል በሚባለው ቅርጽ፣ ኮረልድሮ የሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ከሆነ ዝቅ ባለ ቨርዥን አስቀምጠን እንሰጣችኋለን። የቱን እንደምትጠቀሙ ብቻ ንገሩን። ፎቶ በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ ስልክ ላይ ጥርት ብሎ የታየው ባነር ላይ ሲሰፋ ይደበዝዛል።

ባነር ማተሚያውንና ስቲከር መቁረጫውን የሚያንቀሳቅሰው ኮምፒውተር አልተቀየረም። ማሽኖቹ የሚያውቁት የድሮውን ዊንዶውስ ነው። እሱን ከኢንተርኔት አላቅቀን ለብቻው አስቀምጠነዋል፤ ፍላሽም በቀጥታ አይሰካበትም። ስለዚህ የባነርና የስቲከር ሥራ አይዘገይም።

ከእናንተ የምንፈልገው በዋናነት አንድ ነገር ነው። ናሙናውን ተረጋግታችሁ እዩልን። «እናንተ ታውቁታላችሁ፣ አትሙት» አትበሉን። ፊቱን እዩ፣ ስሙን እዩ፣ ቀኑን እዩ፣ መስመሩ የት ጋ እንደተሰበረ እዩ። ከተቻለ ስክሪን ላይ ሳይሆን በወረቀት አትመን እንስጣችሁ፤ ወስዳችሁ ቤት ለእናት ለአባት አሳዩት። ፈርማችሁበት ስትመልሱ ነው ወደ ማተሚያ የምናስገባው። ለናሙናው ክፍያ አንጠይቅም። በዚህ ለውጥ ምክንያት የጨመርነው ዋጋም የለም።

ቀኑን በተመለከተ፣ ቀድሞ በሁለት ቀን ያልቅ የነበረ የካርድ ሥራ እስከ ጥር ድረስ ሦስት ቀን እንዲሰጠን እንለምናለን። የጥር ሠርግ እየደረሰ ነው። ዘንድሮ ረመዳን በየካቲት ስለሚገባ ኒካሁም ከዚያ በፊት ይበዛል። የቡና ለቀማውም እየተካሄደ ስለሆነ ሌብል የምታሠሩ ነጋዴዎች ቡናው እስኪደርቅ አትጠብቁ፤ ከአሁኑ ኑና ዲዛይኑን እንጨርሰው።

በመጨረሻ፣ ብዙዎቻችሁ በየቢሮአችሁ ይኸው ለውጥ ደርሶባችኋል። ጸሐፊዎች፣ መምህራን፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የምታዘጋጁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «የድሮው ነገር የት ገባ?» እያላችሁ ስትቸገሩ አይተናል። ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ኑ። ስታርቱን ወደ ግራ መመለስ፣ ኒያላን መጫን፣ እርማቱን መዝጋት፣ የጠፋችሁን ሜኑ መፈለግ እዚሁ አብረን እንሠራዋለን። ክፍያ የለውም። ቻርጀራችሁን አትርሱ፤ መብራት ከሄደ ጄኔሬተር አለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዲዛይንና የሕትመት ቤታችሁ ሠራተኞች
ጅማ