የልጆቹን አፈር መልሱ፤ ለክፍለ ከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበሩ ኃላፊ፣

ባለፈው ኅዳር አጋማሽ፣ ለአንድ ቀን ጉብኝት ግቢው ይመር ተብሎ፣ የትምህርት ቤታችን የጓሮ አትክልት በሎደር ተጠርጎ ድንጋይ ተነጠፈበት። ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመልክተናል። ለመጀመሪያው «ይታያል» ተባልን፤ ሁለተኛው መዝገብ ቤት ገብቶ ቀረ፤ ለሦስተኛው «በጆንያ ትከሉ» የሚል መልስ መጣ። ከዚህ በኋላ በር ማንኳኳቱን ትተን በአደባባይ ለመጻፍ ተገደናል።

ቦታው 9 ሜትር በ6 ሜትር ነበር። ስድስት መደብ፣ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ለየክፍሉ አንድ አንድ። የመደቡ ስፋት 80 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነው የሰባት ዓመት ልጅ አፈሩን ሳይረግጥ ከሁለቱም ወገን እጁ መሀል እንዲደርስ ነው። ሎደሩ የወሰደው አትክልቱን ብቻ ቢሆን ኖሮ በሁለት በሦስት ወር በተካነው። የወሰደው አፈሩን ነው።

የግቢው አፈር ዋልካ መሆኑን ያውቃሉ። ክረምት ውሃ ያቁራል፣ በጋ ይሰነጣጠቃል፤ ካሮት ቢዘሩበት ሥሩ ወደ ታች መውረድ እያቃተው ይጣመማል፣ ሁለት ሦስት ቦታም ይከፈላል። ይህንን አፈር ልጆቹ በአምስት ዓመት ኮምፖስት አለስልሰውታል። ከምገባው ወጥ ቤት የድንች ልጣጭና የጎመን ግንድ፣ ከግቢው ደረቅ ቅጠል ይሰበሰባል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አይገባም፤ ቶሎ አይበሰብስም፣ ቡቃያም ያቀጭጫል። እርጥቡን አንድ እጅ፣ ደረቁን ሁለት እጅ አድርገው ያነባብራሉ፤ በየሁለት ሳምንቱ ያገላብጣሉ። የ4ኛ ክፍል ልጆች ክምሩ መሀል ዱላ ሰክተው ይተዉታል። ሲመዙት ከሞቀ እየበሰበሰ ነው፤ ቀዝቅዞ ከደረቀ ውሃ ጠምቶታል፤ ከሸተተ ደግሞ ውሃ በዝቶ አየር አጥሮታል። በሦስት ወር ግድም ይደርሳል፤ በዓመት ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ ባለ 20 ሊትር ባልዲ ይደረጋል። አምስት ዓመት እንዲህ የተሠራ አፈር በአንድ ጠዋት ከግንባታ ፍርስራሽ ጋር ተጭኖ ሄደ።

ካሮቱ መስከረም መጨረሻ ላይ ተዘርቶ፣ በመካከሉ 5 ሴንቲ ሜትር እየቀረ ሳስቶ፣ ሊደርስ ወር ከምናምን ነበር የቀረው። ልጆቹ ከተቆለለው አፈር ላይ እርሳስ የሚያህሉ ካሮቶች ሲለቅሙ ዋሉ። የ5ኛ ክፍል ልጆች የቆስጣውን ቁመት ዓርብ ዓርብ በማስመሪያ እየለኩ ይመዘግቡ ነበር። ሰንጠረዡ በስድስተኛው ሳምንት 17፣ በሰባተኛው 21 ሴንቲ ሜትር ይላል። ከዚያ በታች ባዶ ነው። ለእነዚህ ልጆች መምህራቸው ምን ብላ እንድታስረዳቸው ነው የፈለጋችሁት?

ጆንያውን በተመለከተ፦ ጆንያ በጎኑም በላዩም እርጥበት ይተንበታል። በበጋ በየቀኑ ውሃ ይፈልጋል፤ ቅዳሜና እሑድ የሚያጠጣ የለም፣ ሰኞ ጠውልጎ ይገኛል። ገለባ የለበሰ መደብ ግን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ቢጠጣ ይበቃዋል። ደግሞስ ጆንያው በምን ይሞላል? ዋልካውን ብቻ ብንሞላበት ደርቆ ድንጋይ ይሆናል። ውሃውም ቢሆን ከየት ይመጣል? ቧንቧውን ድንጋዩ ሲነጠፍ ነቅላችሁታል።

የአካባቢ ሳይንስ ልጅ በዙሪያው ያለውን እያየና እየነካ እንዲማር የተዘጋጀ ትምህርት መሆኑን ከእኛ በላይ ያውቃሉ። የባቄላ ሥር ላይ ያለችውን እባጭ በጥፍሩ ሰንጥቆ ውስጧ ሮዝ መሆኑን ያየ ልጅ፣ ባቄላ አፈር ያዳብራል ሲባል ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ሥዕሏን ከሰሌዳ ላይ የገለበጠው ለፈተና ይሸመድዳታል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ለአረንጓዴ አሻራ ተማሪ ላኩ የሚለው ደብዳቤም የሚመጣልን ከእናንተው ጽሕፈት ቤት ነው። ልከናል፣ ወደፊትም እንልካለን። በግቢያቸው በየቀኑ ያጠጡትን ግን አትንቀሉባቸው።

የምንጠይቀው ድንጋዩ ከ54ቱ ካሬ ሜትር ላይ እንዲነሣ፣ ቧንቧው እንዲመለስና መልሱ በጽሑፍ እንዲሰጠን ነው። ይህ እስከ ሰኔ 15 ይሁን። ኮምፖስቱ በሰኔ ተከምሮ፣ የዝናብ ውሃ እንዳይበዛበት ላስቲክ ከለበሰ፣ ለመስከረም ይደርሳል። ካለፈ ግን ዘሩ ጥቅምትን ያልፋል፣ ቡቃያው የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ያገኘዋል፤ ልጆቹም አንድ ዓመት ሙሉ በድንጋዩ ላይ ይመላለሳሉ።

የትምህርት ቤቱ የወላጆችና መምህራን ኅብረት