ለመጽሐፍህ ቅምሻ

ይድረስ ለወዳጄ፤

እንደምን ከረምክ? ቤተሰብስ ደህና ነው? ይህን ያህል ጠፍቼ ስለቆየሁ ይቅር በለኝ። ልብ ወለድህ ማተሚያ ቤት መግባቱን፣ አንተም በሞሽን ግራፊክስ (ፊደልና ምስል በሚንቀሳቀስበት ቪዲዮ) ማስተዋወቂያ ልትሠራለት ማሰብህን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ሥራውን ሳትጀምር ይህችን አንብብልኝ።

ከ30 እስከ 40 ሰከንድ ይበቃል። ታሪኩን አትተርክበት። አንባቢው «ከዚያስ?» የሚልበትን አንድ ቦታ ፈልግና ከዚያው አራት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አውጣ፤ ስለ መጽሐፉ ከምትጽፈው ሙገሳ የራሱ ቃል ይበልጣል።

ትልቁ ጉዳይ ፊደሉ ነው። ከኢንተርኔት የሚወርደው ቴምፕሌት (ጽሑፍህን ብቻ የምትተካበት ዝግጁ ቪዲዮ) ጊዜው በእንግሊዝኛ ልክ የተሰፋ ነው። የኛ «አልነገረችኝም» ግን ማን፣ ለማን፣ መቼ የሚለውን ሁሉ በአንድ ቃል ተሸክሟል፤ ዓይን ሊያርፍበት ይገባል። ስድስት ቃል ላለው መስመር፣ መንቀሳቀሱን ካቆመ በኋላ፣ አራት ሰከንድ ያህል ስጠው። ድምፅህን አውጥተህ ሁለት ጊዜ ሳታነበው ከጠፋ ፈጥኗል።

ረቂቅህ ዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ባልሆነ የቆየ የግእዝ ሶፍትዌር ከተተየበ፣ ቪዲዮውን በምትሠራበት አፍተር ኢፌክትስ ፕሮግራም ላይ ስትለጥፈው የላቲን ፊደል ድብልቅልቅ ይሆንብሃል፤ አስቀድመህ ቀይረው። ማወፈር ስትፈልግ ፕሮግራሙ በግድ የሚያወፍረውን ተወውና እንደ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የራሱ ወፍራም ቅርጽ ያለውን ፎንት ያዝ። «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው ጭረቱ ከወገብ ወይም ከእግር መውጣቱ ብቻ ነው። በግድ ሲወፍር ክፍተቱ ይደፈንና ስልክ ላይ አይለይም። ሞሽን ብለርም (ፊደሉ ሲንቀሳቀስ የሚጨመርበት ብዥታ) ሲበዛ ያንኑ ያደርጋል።

ሽፋኑን የሠራውን ሰው በሌየር (ሰውየውና የኋላው ምስል ለየብቻ በተቀመጡበት ንብርብር) የተከፋፈለውን ፋይል ጠይቀው። ለኅትመት የተዘጋጀው ሲኤምዋይኬ (የማተሚያ ቀለም ሥርዓት) ስለሆነ ወደ አርጂቢ (የስክሪን ቀለም ሥርዓት) ቀይረህ ቀለሙን ከሽፋኑ ጋር አስተያየው። ከዚያ በስድስት ሰከንድ ውስጥ የኋላውን ምስል ከ100 ወደ 104 በመቶ፣ የፊቱን ሰው ከ100 ወደ 110 አሳድግ፤ ጥልቀት ያገኛል። ፋይሉ አንድ ወጥ ከሆነ ሰውየውን ቆርጠህ ስታወጣ የነበረበትን ቦታ በፎቶሾፕ ሙላው፤ አለዚያ ሲንቀሳቀስ ከጀርባው ሁለተኛ ጥላ ብቅ ይላል።

ለስልክ የቪዲዮው መጠን 1080 በ1920 ፒክሰል ይሁን። የታችኛውን አምስተኛና የቀኙን ጠርዝ ከጽሑፍ ነፃ አድርግ፤ ቲክቶክ ቁልፎቹን የሚደረድረው እዚያ ነው። ጥቁር ወደ ሰማያዊ የሚሟሟ መደብ ካለህ ሁለት በመቶ ኖይዝ (ጥቃቅን ነጠብጣብ) ጨምርበት፣ ካልሆነ ቪዲዮው ሲታመቅ መስመር መስመር ይሠራል። መጨረሻ ላይ ሽፋኑና የሚሸጥበት ቦታ አምስት ሰከንድ ሳይነቃነቁ ይቁሙ።

የመጀመሪያውን ሙከራ በቴሌግራም ላክልኝ። አደራ፣ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል፤ ቴሌግራም ሲያሳንሰው የፊደሉ ጠርዝ ይበላሽና አይቼ ልፈርድልህ አልችልም።

ናፋቂ ወዳጅህ