ጧሪ አገኙ፣ ተናጋሪ አጡ

ግልጽ ደብዳቤ
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ

ጉዳዩ፦ በመጦሪያ ቤት ላሉ አረጋውያን ቅሬታቸውን የሚናገርላቸው ሰው ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

መሀል ከተማ ወዳለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ጥፍር እቆርጣለሁ፣ ፀጉር አበጥራለሁ፣ የድሮ ሰፈር ወሬ እሰማለሁ። ምግቡ ደህና ነው። አልጋውም ንጹሕ ነው። ሠራተኞቹ ቢደክማቸውም ደጎች ናቸው። ስለዚህ ይህ የክስ ደብዳቤ አይደለም።

አንዲት እናት አሉ። የፒያሳ ልጅ ነኝ ይላሉ። ሰፈሩ በ2016 ሲፈርስ ጎረቤቱ ተበተነ፤ እሳቸውም ዞረው ዞረው እዚህ ገቡ። የሚያሳስባቸው ምሳ አይደለም፤ እድራቸው ነው። ዕድሜ ልካቸውን አዋጥተው፣ አሁን ወርሃዊውን የሚያደርስላቸው ሰው የለም። «ጧሪስ አገኘሁ፣ ቀባሪዬ ነው የጠፋው» ይሉኛል። ለቤቱ ለምን አይነግሩም ስላቸው ዙሪያቸውን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ባጎረስን ተነከስን እንዲሉኝ ነው ልጄ?»

በሰው እጅ የሚበላ ሰው ቅር ማለት ያፍራል። ይፈራልም። መነጽሩ ቢሰበር፣ ጋቢው ቢቀየርበት፣ ሌሊት ሽንት ቤት የሚያደርሰው ቢያጣ ዝም ይላል።

ጎብኚ የለም ማለቴ አይደለም። በዓል ሲመጣ ግቢው ይሞላል። ማዕድ እናጋራለን፣ ልደት እናከብራለን፣ ፎቶ እንነሳለን። (ፎቶ ይፈልጉ እንደሆነ ማንም ሲጠይቃቸው አላየሁም። እኔም መጀመሪያ ቀን አልጠየቅኩም።) ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ቀን ግን ዝር የሚል የለም።

አሜሪካኖች ለዚህ አሠራር አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 በሙከራ ጀመሩት፤ በ1978 ሁሉም ግዛት እንዲኖረው በሕግ ተደነገገ። ስሙም እኛ እንባ ጠባቂ የምንለው ነው። የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች መጦሪያ ቤት እየሄዱ ነዋሪውን ለብቻው ያነጋግራሉ። እሱ ካልፈቀደ የነገራቸውን አያወጡም። ቤቱን አይቀጡም፤ ቅሬታው እስኪፈታ ይመላለሳሉ እንጂ።

የእኛ እንባ ጠባቂ ተቋም በዋናነት የሚያየው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የበደለውን ነው። ብዙዎቹ መጦሪያዎች ደግሞ የበጎ አድራጎት ናቸው። የአፍሪካ ኅብረት የአረጋውያን መብት ፕሮቶኮል እንኳ የጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ ነበር፣ ጥር 2008። ከመጦሪያው በታክሲ ቅርብ ነው።

የምጠይቀው ብዙ በጀት አይደለም። በየክረምቱ የአረጋውያንን ቤት የሚያድሱ በጎ ፈቃደኞች አሉን። ጥቂቶቹን ለዚህ ሥራ አሠልጥኑልን፤ ዓመቱን ሙሉ እንሥራ። ቀጠሮ ሳንይዝ የሚያስገባ፣ ነዋሪውን ለብቻ የሚያናግር መታወቂያ ስጡን። ቅሬታ ይዘን ስንመጣ የሚቀበለን አንድ ሰው መድቡ። «ሃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» እንዳይሆን አደራ። የመጦሪያ ቤቶቹ ሥጋትም ይገባኛል፤ ስማቸው ከተነሳ ረጂ ይሸሻል። ምስጢር መጠበቁ ለእነሱም ይበጃል።

የእድሩን ነገር በራሴ ሞከርኩት። ሰብሳቢውን አፈላልጌ ቦሌ አራብሳ አገኘኋቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ውዝፉንም እንነጋገርበታለን አሉ። ግን ደብተሩ ላይ የሚያሰፍሩት ነገር ፈለጉ። «ለመሆኑ አንቺ ምናቸው ነሽ?» አሉኝ።

የምመልሰው አጣሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቅዳሜዋ በጎ ፈቃደኛ፣ አራት ኪሎ