የሹማምንት ሀብት በይፋ ይታይ

ለአዘጋጁ፣

ይህን የምጽፈው ስለ ሀብታም ፖለቲከኞችና ገንዘብ በመንግሥት ውሳኔ ላይ ስላለው ጉልበት ነው። ባለሀብት ሥልጣን አይያዝ የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ነግዶ ያገኘ ሰው ሚኒስትር ቢሆን ነውር የለውም። ችግሩ ሀብቱ ከሕዝብ ዓይን ሲሰወር ነው።

የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ተሿሚዎችና ተመራጮች የራሳቸውንና የቤተሰባቸውን ሀብት እንዲያስመዘግቡ ያዛል። መረጃው ለሕዝብ ክፍት እንደሆነም ይናገራል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን መረጃውን ለማየት ማመልከቻ ይዞ መሄድ ካስፈለገ፣ ስንቱ ሰው ሥራውን ጥሎ ቢሮ ለቢሮ ይንከራተታል? በእንግሊዝ የፓርላማ አባላት የገንዘብ ጥቅም መዝገብ ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ማንም ከቤቱ ሆኖ ያነበዋል።

እኛ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። መሬት የመንግሥት ነው። ሊዙም፣ ጨረታውም፣ ፈቃዱም የሚያልቀው በሹም ፊርማ ነው። ፈራሚው የየትኛው ኩባንያ ባለድርሻ እንደሆነ ካላወቅን፣ ለማን እንደፈረመ በምን እናውቃለን? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ዛሬም እንደ ምክር የሚነገርበት አገር ውስጥ መሆናችን አይዘንጋ።

ስለዚህ የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን የሚኒስትሮችንና የምክር ቤት አባላትን ቤት፣ ይዞታና የኩባንያ ድርሻ በድረ ገጹ ያውጣ። የቤት አድራሻና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይቅር። ድርሻ ያለው ሹም ደግሞ ኩባንያው በተወዳደረበት ጨረታ ላይ እንዳይወስን በሕግ ይከልከል።