ሐኪሙ «ለምን» የሚለውን ይጻፍልን

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በአሜሪካ ጦር ስላገለገሉ ወገኖቻችን የጉዳት ካሳ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብሁ። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ሁላችንም ቪኤ የምንለው፣ ሰውን እንደሚያመላልስ የጻፋችሁት እውነት ነው። ሳይነሣ የቀረ ነገር ግን አለ። እኔም አገልግዬ የወጣሁ ነኝ፤ ዛሬ ፈቃድ ባለው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር በኩል አመልካቾችን በነጻ አግዛለሁ። ውድቅ ሆነው ወደ እኔ ከሚመጡት መዝገቦች ውስጥ የሐኪም ደብዳቤ የሌለባቸው ጥቂት ናቸው። ደብዳቤ አለ፣ ፊርማም አለ። «እገሌ ታካሚዬ ነው፤ ወገቡን ያመዋል፤ ሕመሙ ከውትድርና ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል» ይላል፤ በቃ። ጸሐፊው ብዙ ጊዜ የራሳችን ሰው ነው፤ የጻፈውም በቅንነት ነው። ለውሳኔ ሰጪው ግን ይህ ወረቀት የመልካም ምኞት ካርድ ነው።

ሕጉ በመሠረቱ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ዛሬ በምርመራ የታወቀ ሕመም፣ በአገልግሎት ዘመን የደረሰ ጉዳት ወይም ክስተት፣ ሁለቱን የሚያገናኝ የሐኪም አስተያየት። ጣጣው ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። «ሊሆን ይችላል» አይበቃም፤ «ያለ ጥርጥር ነው» ደግሞ አይጠየቅም። መለኪያው ግንኙነቱ የመኖሩ ዕድል ቢያንስ 50 በመቶ መሆኑ ነው፤ ማስረጃው እኩል ለእኩል ከቆመ ለወታደሩ ይፈረዳል። ይህን ለሐኪሞቻችን ስነግራቸው ይገረማሉ። የተማሩት እርግጠኛ ሳይሆኑ አለመናገርን ስለሆነ፣ በጥንቃቄ የመረጧት «ምናልባት» ታካሚያቸውን ትጥለዋለች። የቀድሞ ወታደሮችን ይግባኝ የሚያየው ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2008 በሰጠው ውሳኔ፣ አስተያየቱን የሚያከብደው የቀረበበት ምክንያት እንጂ ሐኪሙ መዝገቡን ማገላበጡ ብቻ እንዳልሆነ ተናግሯል።

ምክንያት ማለት ምን ማለት ነው? ከእኛ ማኅበረሰብ የማይርቅ ጉዳይ ላንሣ። አንድ ወጣት አማርኛን ጨምሮ በሚያውቁት ቋንቋ የውጭ ዜጎችን ይመለምል በነበረው ማቭኒ በተባለው ፕሮግራም ወደ አሜሪካ ጦር ገባ እንበል። ሥልጠና ላይ ጉልበቱ ተጎዳ፤ እያነከሰ አገልግሎቱን ጨረሰ፤ ከወጣ በኋላ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ዛሬ የሚያሠቃየው ወገቡ ነው። ቪኤ የመደበው መርማሪ ሐኪም ደግሞ «የወገቡ ሕመም ከዕድሜና ከመንዳት የመጣ ነው» ብሎ ይጽፋል። የሚጠቅም ደብዳቤ ይህን የመርማሪውን አስተያየት ፊት ለፊት ይገጥመዋል። የትኛውን የሕክምና መዝገብ እንዳነበበ ይገልጻል፤ ጉልበቱ የተጎዳበትን ቀን ይጠቅሳል፤ ለዓመታት ማነከስ በታችኛው አከርካሪ ላይ ምን ዓይነት ጫና እንደሚፈጥር ያስረዳል። ከዚያም ታክሲውን ሳይሸሽግ ያነሣዋል፦ ሕመሙ የጀመረው መሪ ከመያዙ በፊት ነው፤ ሚስቱም ይህንኑ በጽሑፍ መስክራለች። ሚስትም ሆነች የጦር ጓደኛ በዓይናቸው ያዩትን መመስከር ይችላሉ፤ ሐኪሙም በዚያ ላይ ተንተርሶ መጻፍ ይችላል። ለጉልበቱ ካሳ ቀድሞ ከተፈቀደለት ደግሞ ወገቡ የጉልበቱ ውጤት ሆኖ ሊቀርብ ይችላል፤ ይህን መንገድ የማያውቁ ብዙዎች ናቸው። ለዚህ ሁሉ አንድ ገጽ ተኩል ይበቃል።

ሐኪሙ ግን ያልተሰጠውን አያነብም። ባዶ እጃችንን ሄደን «ዶክተር፣ እባክዎ አንድ ወረቀት ይጻፉልኝ» ማለታችንን እንተው። የአገልግሎት ዘመን የሕክምና መዝገባችንን፣ ውድቅ የተደረገበትን ውሳኔና ምስክርነቶቹን ይዘን እንሂድ። ሌላም አመል አለብን። መርማሪው «እንዴት ነህ?» ሲል «ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን» እንላለን፤ እሱም «ታካሚው ደህና ነኝ ብሏል» ብሎ ይጽፋል። ምስጋናውን ለቤታችን እናቆየውና ማታ ስንት ጊዜ እንደምንነቃ፣ ደረጃ ስንወጣ ምን እንደሚሰማን እንንገረው።

አንዳንዱ ጉዳይ ደግሞ ጭራሽ ይህን ደብዳቤ አይፈልግም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 2022 የተፈረመው፣ በአገልግሎት ላይ ለመርዛማ ነገሮች የተጋለጡትን የሚመለከተው ፓክት አክት የተባለው ሕግ፣ ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ወዲህ በጅቡቲ፣ ከኦገስት 2 ቀን 1990 ወዲህ ደግሞ በሶማሊያ ወይም በኢራቅ ያገለገለ ሰው ከአገልግሎት በኋላ አስም ቢገኝበት፣ ምክንያቱ አገልግሎቱ እንደሆነ አስቀድሞ ይገምትለታል። ሥር የሰደደ የሳይነስ ሕመምም እንዲሁ። በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ እሱ የሐኪም አስተያየት ይፈልጋል። ይህን ሳያጣሩ ለማያስፈልግ ደብዳቤ ገንዘብ የከፈሉ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ስለ ገንዘብ ካነሣን፣ «ከሚጨመርልህ ላይ የወራት ክፍያ ትሰጠኛለህ» እያሉ የመጀመሪያ ማመልከቻ የሚያዘጋጁትን ተጠንቀቁ። የፌዴራል ሕግ ለመጀመሪያ ማመልከቻ እንዲህ ያለ ክፍያ አይፈቅድም። ስም ብቻ እየተቀያየረ የሚሸጠውን ደብዳቤም ውሳኔ ሰጪዎቹ መለየት አያቅታቸውም።

ሐኪሞቻችንን አንድ ነገር ልለምን። ፍርድ ቤት እንጠራለን ብላችሁ አትሽሹ፤ አስተያየታችሁ የሚመዘነው እንደ ወትሮው በወረቀት ላይ ነው። ግንኙነቱ የለም ብላችሁ ካመናችሁም ለሰውየው በግልጽ ንገሩት፤ በይሉኝታ ከተጻፈ ሁለት መስመር ያ ይሻለዋል።

ውድቅ የተደረገበት ሰው ውሳኔው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ አዲስና ጉዳዩን የሚመለከት ማስረጃ ይዞ ተጨማሪ ማመልከቻ ካስገባ፣ ቢፈቀድለት ክፍያው በአብዛኛው ከመጀመሪያው ማመልከቻ ቀን ጀምሮ ይታሰብለታል። ዓመቱ ካለፈ ማመልከት ይችላል፤ የኋላውን ክፍያ ግን ያጣል። ለቦታ ብላችሁ ከዚህ ደብዳቤ የምትቆርጡት ካለ ሌላውን ቁረጡ፤ ይህን አንቀጽ ግን አትንኩብኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቀድሞ ወታደር
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ